ጠያቂና መላሽ፦ መንቀጥቀጡን ስትለኩ የመድኃኒቱንም ሰዓት ጻፉ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ። የፓርኪንሰን ሕመም ምልክቶችን በመሣሪያ ለመለካት ወደ ሆስፒታል ለኢንተርንሺፕ የሚወጡ ተማሪዎች የላኳቸው ናቸው። የመጨረሻው ብቻ ከአንድ ሕመምተኛ ቤተሰብ የመጣ ነው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ አራት የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ለስምንት ሳምንት ኢንተርንሺፕ አንድ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ክፍል ተመድበናል። ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ከሌለበት የሚለይ ጓንት ለመሥራት አስበን ነበር። አማካሪያችን «ሰፍቷል፣ አጥብቡት» አሉን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ «የሚለይ» የምትለዋን ቃል በመሰረዝ ጀምሩ። ፓርኪንሰን የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ ነው። የምርመራው መሠረት የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር እጅ ሥራ ፈትቶ ባለበት ሰዓት የሚታይ መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ መገተር መኖር አለበት። ከአራት ሕሙማን አንዱ ገደማ በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ምንም አይንቀጠቀጥም። መንቀጥቀጥን ብቻ የሚያይ ጓንት ይህን ሰው ጤነኛ ብሎ ያሰናብተዋል፤ በሌላ ምክንያት እጁ የሚንቀጠቀጠውን ደግሞ ፓርኪንሰን አለብህ ይለዋል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው አይሻልም።

ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት የሚመዝኑበት ኤምዲኤስ-ዩፒዲአርኤስ የሚባል መለኪያ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የወጣ ሲሆን አራት ክፍሎች አሉት፤ እናንተን የሚመለከተው የእንቅስቃሴ ምርመራው ሦስተኛው ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ 33 ነጥብ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ይሰጣቸዋል፣ ድምሩም ቢበዛ 132 ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡና «ይህን ድርጊት መሣሪያችን ሁለት ጊዜ ሲለካው ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል ወይ? ቁጥሩስ ሐኪሙ ከሰጡት ነጥብ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለስምንት ሳምንት ይህ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

ለእናንተ የምንመርጠው የጣት መታታቱን ነው። ሕመምተኛው አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን 10 ጊዜ ያጋጥማል። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ የመውደቅ ስጋት የለውም። ሕመሙ በአብዛኛው በአንድ ጎን ስለሚጀምር ደግሞ የራሱን ግራና ቀኝ ማወዳደር ትችላላችሁ። ሐኪሙ የሚመለከቱት ሦስት ነገር ነው፦ ፍጥነቱ፣ የጣቶቹ ክፍተት እየጠበበ መሄዱና መቆራረጡ። 1 ነጥብ ሲሰጡ መቆራረጡ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፣ ወይም ክፍተቱ የጠበበው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። 2 ሲሰጡ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ተቆራርጧል፣ ወይም መጥበቡ የጀመረው መሐል ላይ ነው። 3 ሲሰጡ ከ5 ጊዜ በላይ ተቆራርጧል ወይም ገና ከመጀመሪያው ምት በኋላ ጠቧል። የእናንተም ስሌት እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ማውጣት አለበት። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደመታ ብቻ የሚቆጥር መሣሪያ በፍጥነት ግን በጠባቡ የሚመታውን ሰው ያሞግሰዋል።

ነጥቡን የሚሰጡት ሐኪሙ ናቸው፤ እናንተ አይደላችሁም። መለኪያውም የባለቤትነት መብት ስላለው ፈቃዱን ክፍሉ እንዳገኘ አረጋግጡ። ሐኪሙ የእናንተን ግራፍ ሳያዩ ነጥባቸውን መጻፍ አለባቸው፤ እናንተም የእሳቸውን ነጥብ ሳታዩ ስሌታችሁን ጨርሱ።

አንድ ያልጠየቃችሁት ነገር፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ። ስምንት ሳምንቱን በሙሉ ሊበላው ይችላል። ክፍሉ ከዚህ በፊት ያስፈቀደው ጥናት ካለ ስማችሁን በማሻሻያ ማስገባት አዲስ ከማስፈቀድ ይፈጥናል። ፈቃዱ ካልደረሰ ሕመምተኛ ላይ ምንም አትግጠሙ። «ለሙከራ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በዚያ ጊዜ ፊዚዮኔት በሚባለው የሕክምና መረጃዎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚገኘውን የአረማመድ መረጃ ተጠቀሙ፤ 93 የፓርኪንሰን ሕሙማንና 73 ጤነኞች ሁለት ደቂቃ ያህል ሲራመዱ፣ በእያንዳንዱ እግር ሥር 8 ሴንሰር ተደርጎ በሰከንድ 100 ጊዜ የተመዘገበ ነው።

ጥያቄ፦ በኤምፒዩ6050 የእንቅስቃሴ ሴንሰርና በአርዱዪኖ ቦርድ የእጅ መንቀጥቀጥ እየለካን ኤስዲ ካርድ ላይ እንመዘግባለን። በኃይል ሲንቀጠቀጥ ግራፉ ጫፉ ላይ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። አልፎ አልፎ ደግሞ ግራፉ ይዘላል። ሴንሰሩን እንቀይረው?

መልስ፦ ሴንሰሩን ተዉት፤ ችግሩ ከአጠቃቀሙ ነው። ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ናቸው።

መጀመሪያ ጠፍጣፋውን። ይህ ሴንሰር ሲነሣ በራሱ የሚይዘው መጠን ±2 ጂ ነው፤ ጂ የፍጥንጥነት መለኪያ ነው። የፓርኪንሰን የእረፍት መንቀጥቀጥ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሳል። በ5 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ እየተመላለሰ፣ ከመሐል ወደ አንድ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሄድ እጅ ስንት ፍጥንጥነት እንዳለው አስሉ፦ 2 ሲባዛ በፓይ ሲባዛ በ5 31.4 ይሆናል፤ በራሱ ሲባዛ 987፤ በ0.01 ሜትር ሲባዛ 9.9 ሜትር በሰከንድ ካሬ። ይህ ማለት አንድ ጂ ነው። የመሬት ስበት ራሱ አንድ ጂ አለው። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲደመሩ ±2 ጂ አለቀ። መንቀጥቀጡ ትንሽ ከጠነከረ ግራፉ ይቆረጣል። ወደ ±8 ጂ አሳድጉት። «ጥራቱ ይቀንሳል» ብላችሁ አትስጉ፤ በዚያ መጠን አንድ ጂ 4096 ቦታ ይከፈላል፣ ለመንቀጥቀጥ ከበቂ በላይ ነው።

መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፑም እንደዚያው ነው። የክኒን ማንከባለል የሚመስለው የጣትና የእጅ መንቀጥቀጥ አብዛኛው መዞር ስለሆነ ጋይሮስኮፑ ፍጥንጥነትን ከሚለካው አክሰለሮሜትር የበለጠ ያየዋል። 10 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ የሚል እጅ በ5 ሄርዝ በሰከንድ 314 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሲነሣ የሚይዘው ግን ±250 ነው። ±2000 ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው፣ የሚዘለው ግራፍ፣ በአብዛኛው የኤስዲ ካርዱ ጥፋት ነው። አርዱዪኖ ኡኖ ያለው የሥራ ማኅደረ ትውስታ 2 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ካርዱ ላይ በሚጽፍበት ቅጽበት ማንበቡን ያቆማል፤ የቆመበት ጊዜ ግን ፋይሉ ላይ አይታይም፤ መስመሮቹ ተከታትለው የተቀመጡ ይመስላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ንባብ ከራሱ የማይክሮ ሰከንድ ሰዓት ጋር ጻፉ። ከዚያ የተከታታይ ሰዓቶችን ልዩነት ብቻ ሣሉ። በ100 ሄርዝ ሁሉም 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆን አለባቸው፤ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ካያችሁ ክፍተቱ እሱ ነው። ሰፋ ያለ ማኅደረ ትውስታ ወዳለው ኢኤስፒ32 ቦርድ ብትቀይሩና ሁለት የመረጃ ማቆያ ብትመድቡ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው እየተጻፈ፣ ችግሩ ይጠፋል። የመረጃው መጠን ራሱ ትንሽ ነው፦ ስድስት አቅጣጫ በ2 ባይት፣ ከ4 ባይት ሰዓት ጋር፣ በሰከንድ 1600 ባይት፤ አሥር ደቂቃ አንድ ሜጋ ባይት አይሞላም።

ሌላም አለ፦ በሴንሰሩ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ወደ 44 ሄርዝ አውርዱት። በ100 ሄርዝ እያነበባችሁ ከ50 በላይ ያለውን ካላጣራችሁት፣ ወደ ታች ታጥፎ ሌላ ነገር መስሎ ይመጣል።

አሁን ሕመምተኛ ሳይነካው የሚደረግ ፍተሻ። ሴንሰሩን በስድስቱም ገጽታው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ወደ ላይ የዞረው አቅጣጫ +1 ጂ፣ ወደ ታች የዞረው −1 ጂ ማሳየት አለበት። ከዚያ ከነባትሪው በ25 ሴንቲ ሜትር ክር አንጠልጥሉትና በትንሹ ወዝውዙት። 25 ሴንቲ ሜትሩ የሚለካው ከታሰረበት እስከ ሴንሰሩ መሐል ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ መመላለስ አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች ይደነግጣሉ፦ ጋይሮስኮፑ 1 ሄርዝ ሲያሳይ፣ በክሩ አቅጣጫ ያለው አክሰለሮሜትር 2 ሄርዝ ያሳያል። አልተበላሸም። ክሩ በጣም የሚወጠረው ሴንሰሩ ታችኛው ነጥብ ላይ ሲያልፍ ነው፤ በአንድ ምልልስ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ይህን ያልተረዳ ቡድን ነው ኋላ የ4 ሄርዝ መንቀጥቀጥ 8 ብሎ የሚጽፈው።

አገጣጠሙን በተመለከተ፦ አንጓ ላይ ሳይሆን መዳፉ ጀርባ ላይ፣ በሕክምና ፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ለጥፉት። ባትሪውና ኢኤስፒ32ው ክንድ ላይ ይሁኑ፤ የሚያገናኛቸው ሽቦ ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ይላላ። የሚጎትት ሽቦ ራሱ ይርገበገባል። በምርመራው ጊዜ ሶኬት ላይ ከተሰካ ላፕቶፕ ጋር በፍጹም አይገናኝ፤ ባትሪ ብቻ።

ጥያቄ፦ አንድን አባት ሰኞ ለካናቸው፣ ረቡዕ ደገምን። የረቡዑ መንቀጥቀጥ እጥፍ ሆነ። መሣሪያችን አይታመንም ማለት ነው?

መልስ፦ መሣሪያው ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው መድኃኒታቸውን ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰዱ ነው። ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ ደም ውስጥ የሚቆየው አጭር ጊዜ ነው፤ ግማሹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ይጠፋል። ሕመሙ በቆየበት ሰው ላይ መድኃኒቱ ሲይዝና ሲለቅ የምታዩት ሁለት የተለያየ ሰው ነው። የሰኞው ልኬት ከመድኃኒቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ የረቡዑ ከአራት ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ መሣሪያችሁ በትክክል ሠርቷል፤ ያልሠራው መዝገባችሁ ነው።

እዚህ ላይ በሌላ አገር መማሪያ ውስጥ የማታገኙት ወጥመድ አለ። አባት «መድኃኒቴን ሁለት ሰዓት ላይ ነው የዋጥኩት» ይላሉ። ተማሪው 2:00 ብሎ ይጽፋል። ስልኩ ልኬቱን 9:40 ብሎ መዝግቧል። ኮምፒውተሩ ሲቀንስ ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል፤ መድኃኒቱ ፈጽሞ ለቋል ማለት ነው። እውነቱ ግን የጧቱ ሁለት ሰዓት በፈረንጅ 8:00 ስለሆነ ያለፈው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነው። መተግበሪያው ሰዓቱን በግሪንዊች የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ያው ልኬት 6:40 ተብሎ ይቀመጥና ሌላ ሦስት ሰዓት ይዛባል። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አድርጉ፦ «በእኛ ሰዓት» እና «በስልኩ ሰዓት»። ሁለቱም እዚያው ሰውየው ፊት ይሞሉ። ዕድሜም ላይ ያው ነው፤ በ1950 ዓ.ም. የተወለደን ሰው ኮምፒውተሩ እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የጣት ፍጥነት ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ፦ ምን በልተዋል? ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የበዛበት ምግብ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ይሻማዋል። ጾም ከሆነ ደግሞ የመመገቢያው ሰዓት ስለሚገፋ አንዳንዶች መድኃኒቱንም አብረው ይገፉታል፤ ስለዚህ ወቅቱን ጻፉ። ቡና ጠጥተው ነው የመጡት? ጫት ቅመዋል? ደረጃ ወጥተው ነው የመጡት ወይስ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቆይተዋል? ለአስም ሳልቡታሞል ይወስዳሉ? ይህ ሁሉ መንቀጥቀጥን ሊያባብስ ይችላል። ጭንቀትም እንደዚሁ፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ አራት ወጣቶች ከበዋቸው እጃቸው ቢብስ አይግረማችሁ። አንድ ሰው ይለካ፣ ሌሎቹ ይውጡ።

የመሣሪያውን አስተማማኝነት ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሰኞና ረቡዕን አታወዳድሩ። ሰውየው ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ፕላስተሩን አንሥታችሁ እንደገና ለጥፋችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ብዙም አይለወጥም፤ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የእናንተ ነው።

ውጤቱ ጎልቶ እንዲታይ ብላችሁ «ነገ መድኃኒት ሳይወስዱ ይምጡ» ማለት አይፈቀድላችሁም። በምርምር ላይ መድኃኒት ቢያንስ 12 ሰዓት ተቋርጦ የሚለካበት አሠራር አለ፤ እሱ ግን በሐኪሙ ውሳኔና በተፈቀደ ፕሮቶኮል ብቻ የሚደረግ ነው።

ጥያቄ፦ ለሕሙማኑ «ጣትዎን ቶሎ ቶሎ ያጋጥሙ» ስንላቸው ጣታቸውን እምብዛም ሳይከፍቱ ነው የሚመቱት። ሁሉም ክፍተታቸው ጠባብ ሆኖ ወጣ። ሕመሙ ነው?

መልስ፦ ትእዛዙ ነው። መለኪያው የሚጠይቀው በተቻለ ፍጥነት እና በተቻለ ስፋት ነው። «ቶሎ ቶሎ» ብቻ ካላችሁ ጤነኛውም ያጠበዋል። «ሰፋ አድርገው እየከፈቱ፣ ቶሎ ቶሎ ያጋጥሙ» በሉ፤ በራሳችሁ እጅ አሳዩአቸው፤ ሲጀምሩ ግን ማሳየታችሁን አቁሙ፣ አለዚያ የእናንተን ምት ይከተላሉ። ትእዛዙን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁላችሁም ያንኑ አንብቡ። በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ለሚነጋገሩ ሰዎች ደግሞ በዚያው ቋንቋ ይዘጋጅ፤ አስታማሚ በቆመበት አይተርጉመው። «ጎበዝ፣ በርቱ!» አትበሉ። ለአንዱ ብላችሁ ለሌላው ካላላችሁ የለካችሁት ማበረታቻችሁን ነው።

የእረፍት መንቀጥቀጥ ስትለኩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውየው እጁን ማሰብ የለበትም። ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ፣ እጁ መደገፊያው ላይ፣ እግሩ መሬት ላይ። ከዚያ ከ100 ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ይጠየቃል፤ ሐሳቡ ሲወሰድ የተደበቀው መንቀጥቀጥ ይወጣል። ሒሳብ ለማይመቻቸው ወራትን ከጳጉሜን ወደ መስከረም ወደ ኋላ ማስቆጠር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለሁሉም ግን አንዱን ምረጡ። 30 ሰከንድ ቅዱ፤ በ4 ሰከንድ መስኮት፣ እኩሌታውን እያደራረባችሁ ስትከፍሉት 14 መስኮት ታገኛላችሁ፣ የድግግሞሹ ልዩነት ደግሞ በሩብ ሄርዝ ይታያል። የጣት መታታቱን ቅጂ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። በሰከንድ 4 ወይም 5 ጊዜ የሚመታ ጤነኛ ጣት ድግግሞሽን ለሚያወጣው ስሌት (ኤፍኤፍቲ) ፍጹም የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሴንሰር ሳልለጥፍ በስልክ ቪዲዮ ብቻ የጣት መታታትን መለካት እፈልጋለሁ። እጅን ከቪዲዮ ላይ የሚከታተለውን ሚዲያፓይፕ የተባለ ሶፍትዌር እየተጠቀምኩ ነው፤ ክፍተቱ ሰው ወደ ካሜራው በተጠጋ ቁጥር ይሰፋል።

መልስ፦ በፒክስል ስለለካሽው ነው። ሚዲያፓይፕ እጅ ላይ 21 ነጥቦች ያስቀምጣል፤ አውራ ጣት ጫፍ 4 ቁጥር፣ ጠቋሚ ጣት ጫፍ 8 ቁጥር ነው። የሁለቱን ርቀት ከአንጓው 0 ቁጥር እስከ መሐል ጣት ሥር 9 ቁጥር ባለው ርቀት አካፍይው፤ የካሜራው ርቀት የሚያመጣው ለውጥ ይጠፋልሻል። መዳፉ ሲጋደል ግን ይህም ይዛባል፤ ስለዚህ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ አውራና ጠቋሚው ለካሜራው በጎን ይታዩ። ስልኩ በማቆሚያ ይቁም።

ብርሃኑንም ተመልከቺ። ክፍሉ ጨለም ሲል ስልኩ በራሱ የፍሬሙን ቁጥር ይቀንሳል፣ ጣቱም ሲፈጥን ይደበዝዛል፤ ሞዴሉ የደበዘዘውን ጣት የት እንዳለ ይገምታል እንጂ አያየውም። 60 ፍሬም በሰከንድ ከተቻለ እሱን ተጠቀሚ። በ«30» አታካፍዪ፤ የእያንዳንዱን ፍሬም እውነተኛ ሰዓት ከፋይሉ አውጥተሽ በእሱ አስሊ። ፊት እንዳይገባ ፍሬሙን አስተካክዪ፤ ቀለበትና ንቅሳትም ሰውን ያስለያሉ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን የድምፅ መረጃ ተጠቅመን ሞዴላችን 97 በመቶ አገኘ። መምህራችን አላመኑትም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ መምህራችሁ ልክ ናቸው። ተማሪ ሁሉ የሚያወርደው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ማከማቻ ያለው መረጃ ከሆነ፣ 195 የድምፅ ቅጂዎች አሉት፤ የመጡት ግን ከ31 ሰዎች ብቻ ነው፤ 23ቱ ፓርኪንሰን ያለባቸው። እያንዳንዱ ሰው ስድስት ያህል ቅጂ አለው። ቅጂዎቹን በዘፈቀደ ከፍላችሁ 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ 20 በመቶውን ለመፈተኛ ካደረጋችሁ፣ የአንዱ ሰው ድምፅ በሁለቱም በኩል ተገኝቷል። ሞዴሉ የሰውየውን ድምፅ ለየ እንጂ ሕመሙን አልለየም። ሰውን በሙሉ እያወጣችሁ ፈትኑ፤ አንዱ ይውጣ፣ በቀሩት 30 ይሠልጥን፣ በወጣው ይፈተን፣ 31 ጊዜ። ከ195 ቅጂዎች 147ቱ የሕሙማን ስለሆኑ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም «ፓርኪንሰን» የሚል ሞዴልም 75 በመቶ ያገኛል። ሪፖርታችሁ ላይ ይህን ቁጥር ከራሳችሁ ጎን አስቀምጡት። በ31 ሰው አንድ ስሕተት ከ3 በመቶ በላይ እንደሚያንቀሳቅስም አትርሱ።

የራሳችሁን የድምፅ መረጃ ልትቀዱ ካሰባችሁ ደግሞ ሕሙማኑን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ጤነኞቹን ጸጥ ባለ ዶርም ውስጥ አትቅዱ። ሞዴሉ ኮሪደሩን ይማራል። ዕድሜም ያው ነው፤ የ65 ዓመት ሕመምተኛን ከ22 ዓመት የክፍል ጓደኛ ጋር ማወዳደር እርጅናን መለካት ነው። አብረው የሚመጡ አስታማሚ ባለቤቶች በዕድሜ ይቀራረባሉ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ከእነሱ የተሻለ ማወዳደሪያ አታገኙም።

ጥያቄ፦ የእጅ ጽሑፍን ለመለካት በእንግሊዝኛ የተሠራን ዘዴ በአማርኛ ፊደል መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ እንዳለ አይሆንም። እነሱ የሚለኩት ብዕር ሳይነሣ የሚቀጣጠለውን ጽሑፍ ነው፤ የእኛ ፊደል አንድ በአንድ ስለሚጻፍ ብዕሩ ሁልጊዜ ይነሣል፣ መነሣቱም ሕመም አይደለም። የፊደሉ ቁመት እየቀነሰ መሄዱን ግን መለካት ይቻላል፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ባልተሠመረ ወረቀት ላይ አምስት ጊዜ ታጽፉና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ቁመት ታወዳድራላችሁ። የተሠመረ ወረቀት ፊደሉን ይደግፈዋል፣ ማነሱን ይደብቃል። መጻፍ ላልተማሩ ሰዎች እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞረውን መስመር ማስሣል ይሻላል። እሱም ቢሆን ብዕር ይዞ ለማያውቅ እጅ ከባድ መሆኑን አስቡ።

ጥያቄ፦ መሣሪያችን የፓርኪንሰንን መንቀጥቀጥ ከሌላው የተለመደ የእጅ መንቀጥቀጥ በድግግሞሹ ሊለየው ይችላል?

መልስ፦ በድግግሞሹ ብቻ፣ አይችልም። ኢሴንሻል ትሬመር የሚባለው ከ4 እስከ 12 ሄርዝ ስለሚደርስ ይደራረባሉ። የሚሻለው እጁ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ መመዝገብ ነው፦ ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሳለ፣ ሲኒ ሲያነሣ። የፓርኪንሰኑ በእረፍት ይብሳል፤ እጁ ሲዘረጋ ይጠፋና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የተዘረጋውን እጅ በ5 ሰከንድ አታቋርጡት። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ደግሞ ራሳቸው ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። የመድኃኒት ዝርዝሩን ከካርዱ ላይ የሚያዩት ሐኪሙ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ አባታችን ፓርኪንሰን ከያዛቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ክትትል በሚያደርጉበት ሆስፒታል ተማሪዎች «በመሣሪያ እንለካዎት» ብለዋቸዋል። አባታችን ፈቃደኛ ናቸው፤ እኛ ግን ፈርተናል። ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ መለጠፊያው ራሱ አያምም፤ ከእጅ ሰዓት የከበደ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ቦታ ነው። የስምምነት ቅጹ አባትዎ በሚረዱት ቋንቋ የተጻፈ መሆኑንና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማኅተም እንዳለበት ይዩ። እምቢ ቢሉ ወይም መሐል ላይ ቢያቆሙ ሕክምናቸው እንደማይነካ ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ስማቸው ከልኬቱ ቁጥር ጋር አንድ ፋይል ላይ እንደማይቀመጥ፣ ቪዲዮ ካለ ደግሞ ማን እንደሚይዘውና መቼ እንደሚጠፋ ይጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይቆጥረዋል።

የሚራመዱበት ሙከራ ካለ፣ ለምሳሌ ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ ዞሮ መመለስ ከሆነ፣ ሲዞሩ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ይኑር። እግር መሬት ላይ ተጣብቆ የሚቀረው፣ ሰውም የሚወድቀው በአብዛኛው ሲዞር ነው። ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉላቸው። ከኋላ ትከሻ ተስቦ ሚዛን የሚፈተንበትን ምርመራ ሐኪም እንጂ ተማሪ አያድርገው።

መድኃኒታቸውን በወትሮው ሰዓት ይዋጡ። የዋጡበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ ቀጣዩ መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት ምርመራው ላይ ከደረሰ ደግሞ እዚያው ይዋጡ፣ ተማሪዎቹ ይጠብቁ። ክኒኑንና ውሃውን ይዘው መሄድ አይርሱ።